ሰፌድሽን ይዘሽ ሂጂ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤ የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ከስድስት ዓመት ልፋት በኋላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታችንን ጨርሰን ገብተናል። ከአማቴ ጋር ስድስት ነን። ባለቤቴ ያን እንደ ቁም ሣጥን ሁለቱ በሮቹ ጎን ለጎን የሚከፈቱትን ትልቅ ፍሪጅ ለማድ ቤታችን ካልገዛሁ ብሏል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ «እኔ አዲስ ልገዛ ስለሆነ የእኔን በኮንቴይነር ልላክላችሁ» ትላለች። አማቴ «የሰነበተ ወጥ ለማን ሊሆን ነው?» እያሉ ይስቁብናል። የማድ ቤቱ በር 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይገባ ይሆን? ቢገባስ ይበጀናል? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ስድስት ዓመት ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ለማድ ቤቱ አንድ የሚያምር ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ባለቤትሽን አልወቅሰውም። እኔንም ያው ምኞት ይዞኝ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሕር ዳር ስንገባ የገዛሁት ባለ ጎን ለጎን በር ፍሪጅ ዛሬም አለ፣ ደህና ይሠራል። ሆኖም ከመነሻው ልንገርሽ፤ እኔ በአንቺ ቤት ብሆን አልገዛውም።

ዋጋውን ብዬ አይደለም። ጠባብ ነው። ያን የሚያህል ዕቃ እንዴት ጠበበ ትይኝ ይሆናል። የሚያታልለው ቁመናው ነው። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 178 አካባቢ፣ ውስጡም ከ500 ሊትር በላይ ይይዛል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተው፣ መብራቱ ባዶውን የመስታወት መደርደሪያ ሲያበራው ስታዪ ጎተራ ይመስልሻል። ነገር ግን ያ ስፋት ከላይ እስከ ታች በግድግዳ ተከፍሏል። በግራ ያለው ፍሪዘሩ ነው፤ ውስጡ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው። በቀኝ ያለው ደግሞ 45 ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ከመሶብሽ አንድ እንጀራ በሰፌድ አውጪና ለኪ። 55፣ 60 ሳንቲ ሜትር ታገኛለሽ። በግራም በቀኝም ተዘርግቶ አይገባም፤ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ ነው የሚገባው። ከጎኑ የቆመው፣ ሻጩ ዞር ብሎ እንኳ የማያየው፣ ፍሪዘሩ ከላይ የሆነው ተራ ፍሪጅ ግን ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መሐሉን የሚከፍል ግድግዳ ስለሌለው ውስጡ 60 ይጠጋል። ከውጭ ጠባብ የሚመስለው ከውስጥ ይሰፋል ማለት ነው።

ይህን እኔ የተማርኩት በመጀመሪያው ፋሲካ ዋዜማ ነው። የዶሮ ወጡ ድስት ሁለት ጆሮ ያለው፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ቀጥ አድርጌ ሞከርኩ፣ አልገባም። አሰያፍኩት፣ አንዱ ጆሮ ገባና ሌላው ከበሩ ውጭ ቀረ። መደርደሪያዎቹን አወጣሁና ከታች አስቀመጥኩት፤ ያን ጊዜ ገባ ሲባል በሩ አልዘጋ አለ። ከቅዳሴ መልስ የሚበላውን ወጥ በእኩለ ሌሊት ለአራት ትናንሽ ዕቃ ስገለብጥ፣ እንቁላሉ ከዚህኛው በዛ ከዚያኛው አነሰ እያልኩ ስቆጥር፣ ነጩ ነጠላዬ ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፍሪጁ ጥፋት የለበትም። የተሠራው ወተቱ በካርቶን፣ መጠጡ በጠርሙስ፣ እራቱ በየሰው ሳህን ለሚቀርብበት ቤት ነው። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ምጣዳችን፣ ሰፌዳችን፣ መሶባችን፣ ድስታችን ሁሉ ክብና ሰፊ ነው። ለረጅምና ለቀጭን ዕቃ የሚሆን ነገር በማድ ቤታችን ብዙ የለም፤ ምናልባት የአረቄው ጠርሙስ።

ለፍርድ እንዳላዳላ የሚመሰገንበትንም ልናገር። ለቅርጫ ሥጋ የሚደርስበት የለም። ፍሪዘሩ ከወለል እስከ ራስሽ ቁመት ድረስ በመሳቢያና በመደርደሪያ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ለክትፎ የሚሆነው ከላይ፣ የጥብሱ ከመሐል፣ አጥንቱ ከታች ብለሽ ትለያለሽ፤ እንደ ሣጥን ፍሪዘር አንገትሽን ደፍተሽ ከበረዶ ሥር አትቆፍሪም። ግን ታፋውን እንዳለ ለማስገባት አታስቢ። መደብሽን ተቀብለሽ እንደመጣሽ ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን ከትፈሽ፣ በፌስታል አድርገሽ፣ በእጅሽ ተጭነሽ ስስ አድርገሽ አስቀምጪው። ስስ የሆነው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስታወጪውም ቶሎ ይፈታል። የፍሪዘሩ ልክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ የፍሪጁ ደግሞ 4 ዲግሪ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ለበዓል ሰሞን ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባስ? 55 ቀን ሙሉ ያን ያህል ፍሪዘር ምን ልታቀዘቅዢበት ነው? ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታውን፣ የገና ጾሙን ጨምሪበት። ሽሮ ፍሪጅ አይፈልግም። በርበሬውም፣ የተነጠረው ቅቤም፣ ቋንጣውም፣ ማሩም ያለ ፍሪጅ የኖሩ ናቸው። እዚህ ላይ አማትሽ ያወቁት ነገር አለ። በደብረ ማርቆስ ብርድ እንጀራው መሶብ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ እኛ ባሕር ዳር በሁለተኛው ቀን ሻጋታ እናሳድዳለን። የእናንተ ቤት በእውነት ፍሪጅ የሚያስፈልገው ለወተቱ፣ ለእርጎው፣ ለቲማቲሙ፣ ለጥሬ ሥጋውና ለተረፈው ወጥ ነው። ለዚያ 350 ወይም 400 ሊትር ይተርፋል።

ብርድ ካነሳን፣ ብዙ ሻጭ የማይነግርሽ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ነፋስ በሌሊት ማድ ቤታችሁን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ብዙ ርካሽ ፍሪጅ ሙቀት የሚለካው በፍሪጁ ክፍል ባለው አንድ ቴርሞስታት ብቻ ነው። ማድ ቤቱ ራሱ እንደ ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ ያ ቴርሞስታት «በቂ ነው» ብሎ ሞተሩን አያስነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ፍሪዘሩ ይሞቃል፣ ሥጋው ይላላል። ሰዉ «ፍሪጁ ተበላሸ» ብሎ ጠጋኝ ይጠራል። ስለዚህ በውስጡ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአየር ጠባይ መደቡን አንብቢ። «ኤን» ወይም «ኤስቲ» ብቻ የሚል ከ16 ዲግሪ በላይ ለሆነ ክፍል የተሠራ ነው። «ኤስኤን» የሚል ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ይሠራል፤ ለእናንተ የሚሆነው እሱ ነው። «ኤስኤን-ቲ» ካገኘሽ ከ10 እስከ 43 ዲግሪ ስለሚችል ዓባይ በረሃም ብትወርጂ አብሮሽ ይወርዳል።

ወደ እህትሽ እንምጣ። ልግስናዋን እግዚአብሔር ይይላት፣ ፍሪጇን ግን አትላክ። የአሜሪካ ፍሪጅ የሚሠራው በ115 ቮልትና በ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። «ትራንስፎርመር ይገዛለታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፤ 60ውን 50 ወይም 50ውን 60 አያደርግም። የተለመደው ሞተር በእኛ መብራት ሲሠራ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የበለጠ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ቢቃጠል ደግሞ ምትኩን ደብረ ማርቆስ ላይ ከየት ታመጪዋለሽ? ትራንስፎርመሩ ራሱ ቀንና ሌሊት ተሰክቶ መብራት ይበላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የኮንቴይነሩን ኪራይና ቀረጡን በገንዘብ ብትልክልሽ እዚሁ አዲስ ፍሪጅ ላይ ትልቅ ድርሻ ይሆናል። እንዳይከፋት፣ «ቮልቱ አይስማማም አሉን» በያት፤ እውነትም ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ አዲሱ ቤትሽ ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጊ። ማታ የሳሎኑን አምፖል አብሪና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰኪ። አምፖሉ ከደበዘዘ፣ ምጣዱ ሲነሳ የቤቱ ቮልቴጅ እየወረደ ነው። ፍሪጁም በዚያው መስመር ላይ ከሆነ፣ እንጀራ በጋገርሽ ቁጥር ሞተሩ በጎደለ ኃይል እየተንገታገተ ነው ማለት ነው። ለፍሪጁ ከብሬከሩ የተለየ መስመርና የራሱ ሶኬት አስጎትቺለት፤ ቤቱ አዲስ ስለሆነ ግድግዳው ቀለም ሳይጠግብ አሁን ይሻላል። በዲቫይደር አትሰኪው። መሐል ላይ ቮልቱን የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ይግባ፤ 2,000 ዋት ገደማ የሚችል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ይሁን። ያቺ ቆይታ ትርፍ አይደለችም። ሞተሩ ሲቆም በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይመጣጠን መብራቱ ተመልሶ ካስነሳው ሊያቃጥለው ይችላል። በኢንቨርተር ሞተር፣ ማለትም ፍጥነቱን ራሱ እየቀያየረ በሚዞር ሞተር፣ የሚሠራውን ብትመርጪ አነሳሱ ለስላሳ ነው፣ ፍጆታውም ያንሳል፤ እኔ ለዚህ ብጨምር አይቆጨኝም።

ፍጆታውን ሻጩን አትጠይቂ፣ ወረቀቱን ጠይቂ። በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚበላ ተጽፏል፤ ለ12 አካፍይው። ለምሳሌ 540 ቢል በወር 45 ነው። ከምጣድሽ ጋር አስተያዪው፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ትልቅ ፍሪጅ መግዛት ቤትሽ ላይ ሁለተኛ ምጣድ መጣድ ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ነው፤ የላይኛው እርከን ላይ የሚያወጣሽ ያ ተጨማሪው ነው።

መብራት በጠፋበት ቀን በሩን አትክፈቺ፤ ልጆቹንም አስጠንቅቂ። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ይችላል። የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነ አንድ ቀን ይቆያል። በጾም ወራት ፍሪዘርሽ ባዶ ከሆነ በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሙይና ደርድሪበት፤ እስከ አፉ ግን አትሙይ፣ ውኃ ሲረጋ ያብጣልና ይፈነዳል።

በበሩ ላይ ውኃና በረዶ የሚቀዳበት ያለው አለ፤ ባለቤትሽን የማረከው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ዘንድ አለ። በመጀመሪያው ዓመት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ብርጭቆ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደርቆ ቆሟል። ግፊት ያለው የቧንቧ ውኃ በቀጥታ እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ማጣሪያው በስድስት ወር ይቀየራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ከሮቶ በሚወርድ ውኃ፣ ይህን መግዛት ከፍሪዘሩ በር ላይ ቦታ መስጠት ብቻ ነው። ባለቤትሽ እንቢ ካለሽ በእጅ የሚሞላ የራሱ ማጠራቀሚያ ያለውን ምረጪ።

ስለ በሩ ጠይቀሻል። 80 ያልሽው ከመቃን እስከ መቃን ነው ወይስ በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት? ይህ ልዩነት የእኔን ቤት ሰባት ወር አሳቅቋል። ፍሪጁ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ፤ ወደ 120 ኪሎ የሚጠጋ ነገር አምስት ጎልማሶች ተሸክመው ሳሎን አስገቡት። ማድ ቤት በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ስፋቱ 90 ስለሆነ በጎኑ ነው የሚገባው፤ በጎኑ ደግሞ ከነበሩና ከነመያዣው 74 ነበር። የእኔ በር 80 ነው ብዬ ነበር፣ ልክ ነኝም። ነገር ግን ሳንቃው ተከፍቶ ሲቆም ውፍረቱ ክፍተቱን ወደ 75 አወረደው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀረን፤ እሱንም የመቃኑ መጣመም በላው። ፍሪጁ ሳሎን ከሶፋው ጎን ሰባት ወር ቆመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለማሳየት ነው» ተባለልኝ። በኋላ አናጢ ጠርቼ መቃኑን አስነቀልኩ። ሱቁ «በሮቹ ይፈታሉ» ብሎኝ ነበር፤ ይፈታሉ፣ ግን ለመፍታት የሚመጣ ሰው አልላከም። አንቺ መጀመሪያ የፍሪጁን ጥልቀት ከነመያዣው ለኪ፣ ከዚያ የበሩን ክፍተት፣ ከዚያ ከበሩ በኋላ ዞሮ የሚቆምበትን። ከግድግዳ በየጎኑና ከኋላ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ተዪለት። ጥግ ላይ ብታስጠጊው ደግሞ በሩ 90 ዲግሪ ብቻ ይከፈትና የታችኞቹ መሳቢያዎች ከበሩ ጋር ተጋጭተው አይወጡም። ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አያስተውለውም፤ እዚያ ግድግዳ የለም።

ከአዲስ አበባ የምታስመጪው ከሆነ፣ 300 ኪሎ ሜትሩን ቆሞ ይምጣ። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ አስተኝቶ የሚያወርድ ሾፌር «ምንም አይሆንም» ይልሻል። ተኝቶ ከመጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር እንጂ እንደወረደ አትሰኪው፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከፊት ያሉትን እግሮች አስተካክለሽ በትንሹ ወደ ኋላ አዘንብዪው፤ በሩ በራሱ ክብደት እንዲዘጋ።

ባለቤትሽ ከዚህ ሁሉ በኋላም «እሱን ነው የምፈልገው» ካለ፣ ትዳር ይበልጣልና ግዙት። ግን በባዶ እጅሽ አትሂጂ። አንድ ባለ መቶ ብር ኖት ያዢ፤ በሩን ክፈቺና ብሩን በጎማው ላይ አስቀምጠሽ ዝጊው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ያለ ትግል ከወጣልሽ ጎማው አይገጥምም፣ ብርዱ ያመልጣል። በአራቱም ጥግ ሞክሪው፤ በተለይ ከታች። ፍሪጁና ፍሪዘሩ አየሩን የሚያቀዘቅዝ የየራሳቸው መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቂ፤ አንድ ብቻ ከሆነ አየሩ ስለሚጋራ የለጋ ቅቤሽ ሽታ ከበረዶው ውስጥ ይገኛል። የዋስትናውን ወረቀት ከነማኅተሙ ተቀበዪ፤ ቢበላሽ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚመጣ ሰው እንዳላቸውም በጽሑፍ ይስጡሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ከማድ ቤትሽ ትልቁን ሰፌድና የዶሮ ወጡን ድስት ይዘሽ ሱቅ ግቢና በእያንዳንዱ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተሽ ሞክሪ። ሻጩ ይስቅ ይሆናል። እንዳያሳፍርሽ አማትሽን አስከትዪያቸው፤ ሰፌዱን እሳቸው ይያዙት።